አንቺ እየሸፈንሽው ማን ይየው?

«ጤና ይስጥልኝ። 27 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከፖሊ፣ ማለትም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ተመርቄ ለሱቆችና ለፋርማሲዎች የዕቃና የሒሳብ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ገባሁ። አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስገባ ሰባት ነበርን፤ አርብ አርብ ሐይቁ ዳር ዓሳ ዱለት እየበላን የሳምንቱን ሥራ እናወራ ነበር። አሁን ከስልሳ በላይ ነን። ደንበኞቻችን ጎንደርም፣ ደብረ ማርቆስም፣ ደሴም አሉ።

እኔ የምሠራው ሲስተሙ ሲቆምባቸው የሚደውሉትን ደንበኞች መርዳት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ገብቼ ማታ 1 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ፤ ቅዳሜም ያው ነው። አለቃችን «ይሄ ሳያልቅ የሚወጣ የለም» ይላል። ቤት ከገባሁም በኋላ የቴሌግራም ግሩፑ አይተኛም። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ «ማን አልተኛም?» ብሎ ይጽፋል። ቶሎ የመለሰ ሰው ጠዋት በስብሰባ ይጨበጨብለታል። ባለፈው እሑድ እናቴ ቡና አፍልታ፣ ቶናው ሲቀዳ ስልኬ ጮኸ። ላፕቶፔን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ስወጣ ጎረቤቶቹ ሄደዋል፣ ሲኒው ታጥቧል። እናቴ «አንቺን ያገባሽ ይሄ ስልክ ነው» አለችኝ።

ሁለት ጓደኞቼ ለቀቁ። ሥራቸውን እኔ ያዝኩት፤ በምትካቸው ሰው አልተቀጠረም። በቅርቡ ግን ሆቴል አዳራሽ ተከራይተን፣ ቲሸርት አሠርተን ዕድገታችንን አከበርን። ቲም ሊደር ተብያለሁ፤ ደሞዜ ግን እዚያው 15,600 ብር ላይ ነው። ስጠይቅ «ሼር ይኖርሻል፣ ታገሺ፣ ቤተሰብ ነን» እባላለሁ። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ጨጓራዬ ተነሥቷል። ድሮ ከደንበኛ ጋር ማውራት እወድ ነበር፤ አሁን ስልኩ ሲጠራ ያንገሸግሸኛል። ይባስ ብዬ እኔም ከሥሬ ላሉት አራት ልጆች ማታ ማታ መጻፍ ጀምሬአለሁ። ልልቀቅ? ወይስ ሥራ በጠፋበት ከተማ እንዲህ ማማረሬ ጥጋብ ነው?»

ሰ.፣ ከባሕር ዳር

እህቴ ሰ.፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ጥጋብ አይደለም። በየቤቱ ተመርቆ የተቀመጠ ልጅ ባለበት ጊዜ «ሥራ በዛብኝ» ማለት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። መልሱም የታወቀ ነው፦ «አንቺስ ወር በመጣ ቁጥር ደሞዝ ትወስጃለሽ፣ ምን አነሰሽ?» ግን ሌላው ሰው ሥራ ስላጣ አንቺ እንቅልፍ አይወስድሽም። እሱን ወደ ጎን እንተወውና መጀመሪያ ሒሳብ እንሥራ።

ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 1 ተኩል 11 ሰዓት ተኩል ነው። ለምሳ አንድ ሰዓት ልቀንስ፤ ምንም እንኳ ምሳሽን ኪቦርዱ አጠገብ እንደምትበዪ ብጠረጥርም። 10 ሰዓት ተኩል ቀረ። በስድስት ቀን 63 ሰዓት ይሆናል። የሌሊቱ ቴሌግራምና የእሑዱ ላፕቶፕ አልተቆጠሩም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው ለአስቸኳይ ሥራና ለመሳሰሉት ምክንያቶች ነው፤ ያም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ሁለቱ ሲደመሩ 60 ነው። አንቺ ለአስቸኳይ ጊዜ የተፈቀደውንም አልፈሽ ነው የምትሠሪው፤ ያውም በየሳምንቱ።

ክፍያውም ተቆርጦ ተቀምጧል። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱ ደሞዝ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። የአንቺን እናስላው። 15,600 ብር ለ208 ሰዓት ሲካፈል፣ ማለትም ለ26 ቀን በ8 ሰዓት፣ የሰዓትሽ ዋጋ 75 ብር ነው። በትርፍ ሰዓት 112 ብር ከ50 ይሆናል። በሳምንት 15 ትርፍ ሰዓት ስላለሽ 1,687 ብር ከ50 ሳንቲም። በአራት ሳምንት 6,750 ብር። በየወሩ ለድርጅቱ በስጦታ የምትሰጪው ይኼን ነው። ለአክስትሽ ልጅ ሠርግ እንኳ ይህን ያህል አታወጪም።

ነገ ክሰሺ እያልኩሽ አይደለም። ከአለቃሽ ጋር ስትቀመጪ «ደከመኝ» ካልሽው «ሁላችንም ደክሞናል» ይልሻል። «በሳምንት 63 ሰዓት እየሠራሁ ነው» ስትዪው ግን የሚመልሰውን ማሰብ አለበት።

ሦስት ነገር ግን ካሁኑ እወቂ። ያልተከፈለ ደሞዝም ሆነ ትርፍ ሰዓት የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ ይሄ ግን ዝም ሲሉት ይነቅዛል። ሁለተኛ፣ ሕጉ ትርፍ ሰዓት የሚለው አሠሪው አዝዞ የተሠራውን ነው። ነገር ከመጣ «ማን ቆዪ አላት?» መባሉ አይቀርም። አለቃሽ ሳያልቅ አትውጡ ያለባቸውን መልእክቶች ስክሪንሻት አንሥተሽ አስቀምጪ፤ ቴሌግራም ላይ መልእክት በአንድ ጣት ይሰረዛል። ሦስተኛ፣ «ቲም ሊደር ስለሆንሽ ኦቨርታይም አይመለከትሽም» ሊሉሽ ይችላሉ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም፤ እሱ ልክ ነው። ግን የሥራ መሪ የሚባለው የድርጅቱን አሠራር የሚወስን፣ የሚቀጥር፣ የሚያሰናብት፣ የሚቀጣ ሰው ነው። ለአንዷ ልጅ የግማሽ ቀን ፈቃድ ለመስጠት አለቃሽን የምትጠይቂ ከሆነ፣ በር ላይ የተለጠፈው ስም ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግሽም።

አሁን ወደ አለቃሽ። ክፉ ሰው ነው ብዬ አላስብም። ሰባት ሆናችሁ ዓሳ ዱለት ስትበሉ «ቤተሰብ ነን» ማለቱ እውነቱን ነበር። ሌሊት መጻፉም ያኔ ይገባኛል፤ ሁላችሁም አንድ ላይ ትጨነቁ ነበር። ስልሳ ሰው ግን በቤተሰብ አይመራም። ስልሳ ሰው የሥራ መደብ፣ የፈቃድ ቅጽ፣ ቅሬታ የሚሰማ ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ይፈልጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የእናንተ ድርጅት ደንበኛ ለመያዝ ሲሮጥ ቆሞ መታጠቂያ ጊዜ አላገኘም።

ጭንቀቱም ባዶ አይደለም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ከተወሰነ ወዲህ ለሰርቨር በዶላር የሚከፍል ድርጅት ወጪው እንዴት እንደናረ እሱ ያውቀዋል። በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ኢንተርኔት ላይ የቆመ ሥራ መያዝ ምን እንደነበር ደግሞ አንቺም አትረሺውም። ያንን ሁሉ አልፎ ስልሳ ሰው መቅጠር ቀላል አይደለም፤ ይመስገን። ግን ለአዳራሽና ለቲሸርት ብር ተገኝቶ ለአንድ ሰው ደሞዝ ካልተገኘ፣ እጥረቱ የብር ነው ብለሽ አታስቢ።

ታዲያ ለምን አይቀጥርም? ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ መልሱ እዚያው ያለ መሰለኝ፤ አትከፊ፣ መልሱ አንቺ ነሽ። በእሱ ወንበር ተቀምጠሽ እዪው። ሁለት ሰው ለቀቀ። በማግሥቱ ስልክ ተነሣ። ጎንደር ያለው ፋርማሲ ሲስተሙ ተስተካከለለት። ሪፖርቱ በሰዓቱ ደረሰ። የሁለት ሰው ደሞዝ ተረፈ። በእሱ በኩል የጎደለ ነገር የለም። እንዲያውም «ለካ ሁለቱ ትርፍ ነበሩ» ቢል አይፈረድበትም። የጎደለው አንቺ ቤት ነው፤ እንቅልፍሽና ጨጓራሽ ላይ፤ እሱ ደግሞ እዚያ አይገባም።

ጎበዝ ሠራተኛ እንዲህ ነው የሚጎዳው። ክፍተት ሲያይ ማለፍ አይችልም፤ ይሸፍነዋል። ከዚያ የሸፈነው ሥራ የራሱ ይሆናል። በሦስተኛው ወር ማንም «ይሄ የሌላ ሰው ሥራ ነበር» ብሎ አያስታውስም፤ አንድ ቀን ቢቀር ጥፋቱ የእሱ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሴት ናት። ቤት ውስጥም ሳይነገረን የጎደለውን አይተን እንድንሞላ ስላደግን ይሆን?

ስለዚህ ምክሬ፣ ከመልቀቅሽ በፊት መሸፈን አቁሚ። ማኩረፍ ወይም ሥራ ማበላሸት ማለቴ አይደለም። ለሁለት ሳምንት ሦስቱን የሥራ ክምር ለየብቻ ጻፊ፦ የራስሽ፣ የመጀመሪያዋ ጓደኛሽ፣ የሁለተኛዋ። ስንት ስልክ፣ ስንት ሰዓት፣ ለየትኛው ደንበኛ። ከዚያ አለቃሽን ግማሽ ሰዓት ጠይቂው። በግሩፑ አይሆንም፤ በኮሪደርም አይሆንም፤ አርብ ማታ ደግሞ ፈጽሞ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት፣ ቁርስ ከበላ በኋላ። እንዲህ በዪው፦

«ሥራውን እወደዋለሁ፣ ለዚህ ነው የመጣሁት። አሁን የሦስት ሰው ሥራ ይዣለሁ፤ ይኸው ዝርዝሩ። በሳምንት 63 ሰዓት እየሠራሁ ነው። ከመጪው ወር መጀመሪያ ጀምሮ በመደበኛ ሰዓት የሚያልቀውን እሠራለሁ። ከሦስቱ የትኛው ይቅደም? የቀረውን ማን ይያዘው?»

ጥያቄው ላይ ዝም በዪ። ዝምታው ይከብድሻል፤ «ግድ የለም፣ እንደምንም እሞክራለሁ» ልትዪ አፍሽ ላይ ይመጣል። ዋጪው። የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር እሱ ይናገር። በዚያው ቀን ደግሞ የተስማማችሁበትን በኢሜይል ጻፊለት፤ አጭር፣ ትሕትና ያለው፣ ቀን ያለው።

አንድ ተጨማሪ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ ተረኛ። ደንበኞቻችሁ ፋርማሲዎች አይደሉ? እነሱ ማታና በዓል ላይ ተረኛ አላቸው፤ የከተማው መድኃኒት ቤት ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ አይከፍትም። የእናንተም ማታና እሑድ በስም ዝርዝር ይሁን። ተረኛ የሆነ ሰው ክፍያው ይታሰብለት፣ በማግሥቱ አርፍዶ ይግባ፣ አምሽቶ ከወጣም የባጃጁን ድርጅቱ ይክፈል። ተረኛ ያልሆነ ሰው ግሩፑን ድምፁን አጥፍቶ ይተኛ። በነገራችን ላይ ሕጉ በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥሻል። ጓዳ ውስጥ ላፕቶፕ የተከፈተበት እሑድ ተቋርጧል።

ስለ ሼሩ አጭር ልሁን፤ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል አድገሻል። ድርሻ ማለት በጽሑፍ ተፈርሞ፣ ስንት መሆኑ ተጠቅሶ፣ ስምሽ በማኅበሩ መዝገብ የሰፈረበት ነገር ነው። ያ እስኪሆን ድረስ ሼር የለሽም። ስታስቢ፣ ስትወስኚ፣ ሌላ ሥራ ስታወዳድሪ ዜሮ ብለሽ ቁጠሪው። ከተሰጠሽ ያኔ ደስ ይበልሽ።

ጤናሽን ግን እንደ ተራ ድካም አትለፊው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና የሚያመጣውን መዛል ሲገልጽ ሦስት ነገር አንሥቷል፤ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም መጥላት፣ የሚሠሩት ነገር ውጤት ያለው አለመምሰል። ድሮ የምትወጂው ድምፅ አሁን ካንገሸገሸሽ ሁለተኛው ገብቷል። ይኸው ድርጅት ከዓለም ሥራ ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ጥናት ደግሞ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር፣ የስትሮክን አደጋ በ35 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ ተገልጿል። አንቺ 63 ላይ ነሽ። ጨጓራሽን በተልባና በሻይ አታባብዪው፤ ሐኪም ይይሽ። ሐኪሙ ዕረፍት ከጻፈልሽ ውሰጂው፤ በሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ደሞዝ ሙሉ ነው። የዓመት ፈቃድሽም አለ፤ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ባለፈው ዓመት ስንቱን ወሰድሽ? ደብዳቤሽ ላይ ስለ ዕረፍት አንድም ቃል የለም።

ልልቀቅ ላልሽው፣ ዛሬ አትልቀቂ። ከንግግሩ በኋላ አንድ ወር ስጪው። በዚያ ወር ውስጥ ቢያንስ ለአንደኛዋ ቦታ ማስታወቂያ ከወጣና ተረኛው ከተጀመረ፣ ድርጅቱ መታጠቅ ጀምሯል ማለት ነው፤ ቆይተሽ እዪው። ካልሆነ፣ ወይም ደግሞ «ተለወጥሽ፣ እንደ ድሮው አይደለሽም» መባል ከጀመርሽ፣ መልስሽን አግኝተሻል። «የት እሄዳለሁ?» እንዳትዪ። የሱቅና የፋርማሲ ዕቃና ሒሳብ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ከውስጥ የምታውቂ፣ የተናደደ ነጋዴ በስልክ የምታረጋጊ ሰው ነሽ። ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ አከፋፋዩም እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋል። ማመልከት አሁኑኑ ጀምሪ፤ በድርጅቱ ላፕቶፕ ግን አይሁን።

ስትወጪ በሥርዓት ውጪ። አዲስ አበባ ቢሆን በር ደርግመሽ ብትወጪ ማን ያውቅሻል። ባሕር ዳር ግን የሚቀጥለው ቀጣሪሽ ከአሁኑ አለቃሽ ጋር ፖሊ አንድ ዶርም የነበረ ሊሆን ይችላል። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ፣ የደረሰበትን ቅጂ አስፈርመሽ ያዢ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልሻል። ቀሪ ክፍያሽ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ማስረጃሽ ላይ የሠራሽው ሥራ፣ የቆየሽበት ጊዜና ደሞዝሽ ይጻፍ፤ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ጡረታሽንም አጣሪ፤ ከአንቺ 7 በመቶ ሲቆረጥ ድርጅቱ 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባት ነበረበት። በፍጥነት ባደገ ድርጅት ይሄ ሲረሳ ሰምቻለሁ።

አራት ዓመት ሊሞላሽ ስለሆነ ይህንንም ልንገርሽ። በራስሽ ፈቃድ ስትለቂ የሥራ ስንብት ክፍያ የምታገኚው አምስት ዓመት ካገለገልሽና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለብሽ ነው። አምስት ዓመት ላይ ወደ 70 ቀን ደሞዝ ይሆናል። ለእሱ ብለሽ አንድ ዓመት እንቅልፍ እንድታጪ አልመክርም። ግን ድርጅቱ ቢስተካከልና ብትቆዪ፣ ቀኑን ካላንደር ላይ ምልክት አድርጊበት። ነገሩ ከከረረ ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉት። የሥራ ክርክር ለፍርድ ቤት ስታቀርቢም የዳኝነት ክፍያ የለብሽም።

አሁን ትንሽ ልቆጣሽ። ከሥርሽ ላሉት አራት ልጆች ማታ እጽፋለሁ ብለሻል። አንቺ ስለ አለቃሽ ለእኔ እንደጻፍሽ ከአራቱ አንዷ ስለ አንቺ ለሌላ ሰው እየጻፈች ሊሆን ይችላል። የእሱን ጠባይ መለወጥ በእጅሽ አይደለም፤ ይሄኛው ግን በእጅሽ ነው፣ ለዛሬ ማታም ይደርሳል። ሐሳቡ ሌሊት ከመጣብሽ ጻፊው፣ ግን አትላኪው። ቴሌግራም ላይ የመላኪያዋን ምልክት ጫን አድርገሽ ስትይዢያት ሰዓት ምረጪ ትልሻለች። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ብለሽ ሙዪውና ተኚ።